ሰዓቱ ሲደርስ

ቱላ ላይ ላደገ ልጅ መኪና ማለት አልፎ የሚሄድ ነገር ነበር። ከዲላ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም የሚመጣው ሎንቺና እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሞልቶ ነው። ጣሪያው ላይ ከረጢትና የዶሮ ቅርጫት ተቆልሏል፤ ረዳቱ የኋላውን መሰላል በአንድ እጁ ይዞ ተንጠልጥሏል። ሐዋሳ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚቀረው ለቱላ ሰው ብሎ ፍሬን አይረግጥም። እኛ ልጆቹ ከመንገዱ ዳር ቆመን እጃችንን እናውለበልባለን፤ ጭሱን ትቶልን ሲሄድ ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን።

ሐዋሳ ጉዳይ ያለው ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ በእግሩ ሁለት ሰዓት ያህል መሄድ፣ ወይም ገበያው አጠገብ የምትቆመዋ ፒካፕ ላይ ወጥቶ መጠበቅ። ሾፌሩን "መቼ ነው የምትሄደው?" ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። መልሱን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ሲሞላ። ሲሞላ የሚለው ቃል ለኛ ሰዓት ነበር። ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሲሞላ ነው፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሲሞላ ነው፤ ተማሪ ፈተና የሚቀመጠው ሲሞላ ነው።

እናቴ ቅቤ ትነግድ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ቀን ይዛኝ ልትሄድ ተሳፈርን። ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ፣ እንዳይሞቅ ቅጠሉ ላይ ውኃ አርከፍክፋበት ነበር። ጥዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። አምስት ሰው ሆንን። ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ተጨመሩ፤ አንዱ መሮት ወረደ። የረዳቱ ጓደኞች መጥተው ተሳፋሪ መስለው ይቀመጣሉ፤ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ አንድ እያሉ ይወርዳሉ። ፀሐይዋ ከዛፉ በላይ ወጣችና ፒካፗ ላይ አረፈች። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከቅጠሉ ጫፍ አንድ ቢጫ ጠብታ ወርዶ ባዶ እግሬ ላይ ሲያርፍ እስከ ዛሬ ይታወቀኛል። ትኩስ ነበር። እናቴ አየችው። አልጮኸችም፤ ሾፌሩንም አልተናገረችውም። ነጠላዋን አውልቃ ከቅቤው በላይ ጥላ ሠራችና በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ተቀመጠች። ጭንቅላቷ በፀሐይ ላይ ነው። ሐዋሳ ስንደርስ ደንበኞቿ ገዝተው ሄደዋል፤ የቀለጠውን ባገኘችው ዋጋ ሰጥታ ተመለስን።

ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤንዚኑን በየወንበሩ አካፍሎ የሚኖር ሰው ነው፤ በባዶ መኪና ቢነሣ ጦም የሚያድሩት የራሱ ልጆች ናቸው። ይህን ያኔም አውቀዋለሁ፤ ዛሬም አልረሳውም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የመሙላቱን ዕዳ የሚከፍለው ሁልጊዜ ቀድሞ የመጣው ሰው ነበር፤ በጥዋት የተነሣ፣ የቸኮለ፣ የሚበላሽ ነገር የያዘ።

ሐዋሳ ያን ጊዜ የጋሪና የብስክሌት ከተማ ነበረች። ሜዳ ስለሆነች ለሁለቱም ትመቻለች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ፣ የፈረሶቹ ኮቴ፣ የብስክሌቱ ደወል፣ ይኸው ነበር ድምፅዋ። ጋሪውም ሰው ይጠብቃል፤ ቢሆንም ሁለትና ሦስት ሰው ይበቃዋል።

በ1988 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከቱላ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በዝዋይና በሞጆ አድርገን መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ጨርሰነዋል። ከአውቶቡስ ተራው ጊቢ ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቀይና ቢጫ አውቶቡስ ነበር። ጎኑ ላይ አንበሳ አለበት። ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎበታል። ሞልቷል፤ በሩ ላይ ሰው ተደራርቧል። እንግዲህ ይኼም እንደኛው ነው፣ ሞልቶ ነው የሚሄደው አልኩ በልቤ።

ቆይቼ ሳነብ እንደተረዳሁት የዚያ አውቶቡስ ታሪክ የሚጀምረው ጣልያን ጥሏቸው ከሄደ መኪኖች ነው። በ1935 ዓ.ም. በነዚያ የጦር ካሚዮኖች የአዲስ አበባን ሰው ማመላለስ ተጀመረ። በ1944 ዓ.ም. አክሲዮን ማኅበር ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት ወረሰው። እኔ ከመግባቴ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ አንበሳ የከተማ አውቶቡስ ተብሎ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ ቆመ። ለገሃር፣ መርካቶና ምኒልክ አደባባይ ዋና መነሻዎቹ ነበሩ። የከተማው ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይዘረዝር "አንበሳ" ብሎት ያልፋል፤ ቁጥሩን ብቻ ከጠሩለት የት እንደሚያደርሰው ያውቃል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የቁጥሩን ቅርጽ ከሩቅ ለይተው ሲነሡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሥርዓቱን የተማርኩት ከሰው ነው። መጀመሪያ ቀን በፊተኛው በር ልገባ ስል ከውስጥ አንድ አባት "ልጄ፣ በኋላ ነው የሚገባው፤ ይኼ መውረጃ ነው" አሉኝ። በኋላው በር ገባሁ። እዚያ ትኬት ቆራጯ ጠባብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳንቲሙን ተቀብላ ሳሳ ያለች የወረቀት ቁራጭ ቀድዳ ትሰጣለች። ብር አይደለም፣ ሳንቲም ነው። ከዚያ ሳታቋርጥ "ጠጋ ጠጋ በሉ! ወደ ፊት እለፉ፣ መሀሉ ባዶ ነው!" ትላለች። መሀሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ ስትለው ግን ሰው ይጠጋል፣ ቦታም ይገኛል። ትኬቷን እስክወርድ ይዤ መቆየት ነበረብኝ፣ ተቆጣጣሪ ድንገት ሊገባ ይችላል። አጣጥፌ ከሰዓቴ ማሰሪያ ሥር እሸጉጣት ነበር።

በዚያው ሳምንት የምወርድበት ፌርማታ አምልጦኝ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። መሽቷል። ሰው ሁሉ ወርዶ ብቻዬን ስቀር ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "የት ነበር የምትወርደው?" አለኝ። ስነግረው ተነሥ ውረድ አላለኝም። "ስንመለስ አወርድሃለሁ፤ አሥር ደቂቃ ነው የሚቀረን" አለኝና ሻዩን ሊጠጣ ወረደ። አሥር ደቂቃ። ቱላ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ከሾፌር አፍ ወጥቶ አያውቅም። እሱ ሻዩን እስኪጨርስ ተሳፋሪ የመጣው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ተመልሶ ገባ፣ ሰዓቱን አየ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ሄድን። ወንበሩ ሁሉ ባዶውን ሲንቀጠቀጥ እየሰማሁ ከእኔ በስተቀር ማንም አለመገረሙ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በአንበሳ ተመላለስኩ። በአንድ ወንበር ላይ ዳኛና ተሸካሚ፣ መነኩሲትና ወታደር፣ ከሽሮ ሜዳ ሸማ ተሸክሞ የሚወርድ ሸማኔና ደብተሯን ያቀፈች ተማሪ ይቀመጣሉ። ታክሲም ነበር፤ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ እንዲሁም ሰው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥበት "ውይይት" የተባለው ፒካፕ። ፈጣኖች ናቸው፤ ኪሴ ሲፈቅድ እሳፈርባቸው ነበር። ግን በነዚያም ላይ ወያላው "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ሲል ቱላ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አዲስ አበባ የመጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ ዓይኗን ምኒልክ ሆስፒታል ለመታየት። ያረፈችው ሽሮ ሜዳ፣ የአገራችን ሰው ቤት ነበር። የሆስፒታሉ ጉዳይ ካለቀ በኋላ አንድ እሁድ "ባቡር አሳየኝ" አለችኝ። ባቡር በስም ብቻ ነው የምታውቀው። ለገሃር ስሙ ራሱ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ፈረንሳዮቹ "ላ ጋር" የሚሉትን የአዲስ አበባ ሰው ለገሃር አደረገው። በጥዋት፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ተነሣን። ለለገሃር ሰፈር ዘመድ የምትሰጠውን ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አቅፋለች።

አውቶቡሱ መነሻው ላይ ቆሟል። እሁድ ስለሆነ ሰው የለም። እኛ ነን፣ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ ትኬት ቆራጩ ነው። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አደላደለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ረጅም ጊዜ ለመጠበቅ የሚቀመጥ ሰው አቀማመጥ ነው። ትኬቷን ስሰጣት የነጠላዋን ጫፍ ፈታ፣ ከብሯ ጋር አብራ ቋጠረቻት።

ወዲያው ሞተሩ ተነሣ። እናቴ ደንግጣ ዞር ብላ ወንበሮቹን አየች።

"ምን ሆነ?" አለችኝ በቋንቋችን፣ በሲዳሙ አፎ።

"ሊሄድ ነው፣ እማዬ።"

"ሰው እኮ አልሞላም።"

"ባይሞላም ይሄዳል።"

"ለማን ብሎ?"

ሰዓት አለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል ብዬ አስረዳኋት። ዝም አለች። አውቶቡሱ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ስትቆጥር መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ "እኛ ባንመጣስ?" አለች። ባንመጣም ይሄድ ነበር አልኳት። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን በቃል ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ደስታ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሳታውቀው ለዓመታት ሲያስብላት እንደኖረ የሰማች ሰው ፊት ነበር።

አሮጊቷ የቆጮው ሽታ ደርሷቸው ኖሮ ጠጋ አሉ። "እህቴ፣ ይኼ የእንሰት ነው አይደል?" አሉ። የጉራጌ ሰው ናቸው። እናቴ አማርኛዋ ብዙ አይደለም፣ እንሰት የሚለውን ግን ሰምታ ተፍለቀለቀች። ሁለቱም ቅጠሉን እየነኩ፣ አንዷ በራሷ ቋንቋ፣ አንዷ በራሷ፣ አሻሸታቸውን፣ አፋፋቃቸውን፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ወር እንደሚያቆዩት በጣታቸው እየቆጠሩ ተጨዋወቱ። የእኔ አስተርጓሚነት አላስፈለገም። አራት ኪሎ ላይ አሮጊቷ ሲወርዱ የእናቴን እጅ ሳሙ።

ለገሃር ስንደርስ እናቴ በፊተኛው በር ከመውረዷ በፊት ሾፌሩ ዘንድ ቆመች። አገሯ እንደሚደረገው እጇን ወደ እሱ ዘርግታ መረቀችው፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ ለልጆቹ፣ ለከብቶቹ፣ ለመንገዱ። ሾፌሩ ቃሉን ባይሰማም ምርቃት መሆኑ ገብቶት ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለ። "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ባዶውን ስለተነሣህልን ነው የምትመርቅህ አልኩት። ግራ ገባው። "እናቴ፣ ሰዓቱ ደርሶ ነው እኮ" አላት።

ባቡሩን አየች፤ ከጣቢያው ፊት ያለውን የአንበሳ ሐውልትም አየች። ቱላ ስትመለስ ግን ለጎረቤት ያወራችው ስለ ባቡሩ አልነበረም። ቡና ላይ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ትኬቷን አውጥታ አሳየች ብላ እህቴ ጽፋልኛለች። አንዳንዶቹ አላመኑም፤ ሰው ሳይሞላ የሚነሣ መኪና ምን ይበላል አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ትኬቱ የናፍጣውን፣ የጎማውን፣ የደሞዙን ወጪ አይሸፍንም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ከመንግሥት የሚመጣ ድጎማ ነው። ማለትም ያን እሁድ ጥዋት ለባዶዎቹ ወንበሮች የከፈለላቸው ሰው ነበር። እኛ ቱላ ላይ ያልነበረን ይኼ ነው እንጂ መኪና አይደለም። መኪናውማ ከገበያው ጎን ቆሞ ነበር።

አብሮ አደጌ እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ይኖራል፤ ስለዚያ አገር አውቶቡስ ያጫወተኝ እሱ ነው። ከጎኑ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቦልተን በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የማዘጋጃ ቤት አውቶቡስ እየተሳፈሩ ነው ያደጉት። የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ድሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አውቶቡስ፣ የራሳቸው ቀለም ነበራቸው፤ የቦልተን ጥቁር ቀይና ክሬም፣ የጎረቤቷ የቤሪ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ክሬም። እ.ኤ.አ. በ1969 የማንቸስተርና የዙሪያዋ 11 የማዘጋጃ ቤት ድርጅቶች በአንድ ተጠቃለሉና አውቶቡሶቹ ብርቱካንማና ነጭ ተቀቡ። ሽማግሌው ዛሬም ያ ቀለም ሲነሣ ዓይናቸው ይቀላል አለኝ ጓደኛዬ። የባሰው ግን ቆይቶ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከለንደን ውጭ ያለው የአውቶቡስ ሥራ ለገበያ ተለቀቀ፤ ኩባንያዎች ትርፍ ያለበትን መስመር ለመያዝ ተሻሙ፤ ሰው የሚያንስበት የማታና የእሁድ ጉዞ በየቦታው ተመናመነ። ከ37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023፣ አውቶቡሶቹ እንደገና በሕዝብ አስተዳደር ሥር መመለስ ሲጀምሩ ቀዳሚ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ያቺው ቦልተን ነበረች፤ በዚህ ጊዜ ቢጫ ተቀብተው። ጓደኛዬ ይህን በስልክ ሲነግረኝ የእናቴን ጥያቄ አስታወስኩት። ለማን ብሎ? ለካ እነሱም ሲጠይቁት ኖረዋል።

ቱላ ዛሬ የሐዋሳ ከተማ አካል ናት፤ ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ። ጋሪው ለባጃጅ ቦታ ለቋል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ሐዋሳ ላይ ወፍ ሳይንጫጫ ሠራተኛ የሚያመላልሱ ሰርቪሶችን አያለሁ፤ ልጃገረዶቹ መስታወቱ ላይ ተደግፈው እንቅልፋቸውን ይጨርሳሉ። አዲስ አበባም ያኔ እሳፈርባቸው የነበሩት ዳፍ የሚባሉት አውቶቡሶች በብዛት ተለውጠዋል፤ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት መጥተዋል፣ ሌሎችም ተጨምረዋል። እኔ ስለ ቀለማቸው ብዙም አይገደኝም። መነሻው ላይ ሦስት ሰው ይዞ የሚነሣ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር ግን ቆሜ እስኪታጠፍ አየዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ከእናቴ ጋር ከቱላ ወደ ሐዋሳ ልንወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ያያል። ወያላው ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" ይላል። ከኋላችን አራት ወንበር ባዶ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየን እናቴ ልጁን በበትሯ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"ሰዓቱ አልደረሰም?" አለችው።

"የምን ሰዓት፣ እማማ?" አላት። የእውነት ነው የጠየቃት።

አልመለሰችለትም። ከጎኗ አንዲት ልጅ እግር ሴት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ተቀምጣለች። እናቴ ቅጠሉን በእጇ ነካች።

"ቅቤ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

እኔ የቀሩትን ወንበሮች ሒሳብ ልከፍል ኪሴን ስዳብስ፣ እናቴ የሃይላንድ ውኃዋን ከፍታ በመዳፏ ትንሽ ትንሽ እያደረገች ቅጠሉ ላይ ታርከፈክፍ ጀመር።